የአሞራ ገደል ዓሣ፦ ከጥብሱ ጀርባ ስላለው ያልተጻፈ ሽርክና

በሐዋሳ ዓሣ የሚሸጥበት ቤት ሞልቷል፤ ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ በማን እጅ አልፎ ሳህን ላይ እንደደረሰ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይን ማየት የሚቻልበት ቦታ ግን በሐይቁ ዳርቻ ካለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የተሻለ አላውቅም። ስለዚህ በዚህ ግምገማ ጣዕሙን፣ ንጽሕናውንና መስተንግዶውን ብመዝንም ረዘም አድርጌ የምቆይበት ነጥብ ሌላ ነው፤ ይኸውም አስጋሪው፣ ዓሣ የሚያዘጋጀው ወጣት፣ ጠባሿ፣ ዓሣውን የሚገዛው ሆቴልና ሐይቁን የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት አካል እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ነው። ንግድ ቤቶች ስለ ዘላቂነት ሲናገሩ ነገሩ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በዓሣ ንግድ ግን ዘላቂነት ማለት የዛሬ ዓመት የሚጠበስ ዓሣ መኖር አለመኖሩ ነው፤ ይህን ደግሞ አንድ ነጋዴ የቱንም ያህል ቢተጋ ብቻውን ሊያረጋግጠው አይችልም።

የገበያው አሠራር ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ማታ የተጣለው መረብ ንጋት ላይ ይሰበሰባል፤ ጀልባዎቹ ዳርቻውን ሲይዙ ዓሣው ከመረቡ እየተለቀመ ይራገፋል፤ አስጋሪዎቹም ያመጡትን ለነጋዴ፣ ለሆቴል ገዢና በቀጥታ ለሚመጣው ሸማች ያስረክባሉ። እዚያው አጠገብ ቢላ የያዙ ወጣቶች ተደርድረው ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ሆዱን ይከፍታሉ፣ ቆዳውን ገፈው ፊሌቶውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ እጃቸው ከመፍጠኑ የተነሣ ዓይን አይከተለውም። ከእነርሱ ቀጥሎ ጠባሾቹና ሾርባ የሚያፈሉት ሴቶች አሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ረጃጅም እግራቸውን ተክለው፣ ራሰ በራቸውን ደፍተው፣ የሆድ ዕቃው እስኪወረወርላቸው ከሰው እኩል ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ለፎቶግራፍ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው እነርሱን ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከወፎቹ ይልቅ ሊታይ የሚገባው እጅ ለእጅ የሚደረገው ቅብብሎሽ ነው።

ይህን ቅብብሎሽ በንግድ ዓይን ለሚመለከተው ሰው ትልቁ ቁም ነገር ያለው በሚጣለው ክፍል ላይ ነው። ከአንድ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጠቅላላ ክብደት ንጹሕ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው ሲሶ ያህሉ ብቻ ሲሆን የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳ፣ ቅርፊትና የሆድ ዕቃ ነው። እንግዲህ ፊሌቶ ብቻ የሚገዛ ሆቴል ከዓሣው ሁለት እጁን ለሌላ ሰው ትቶ ይሄዳል ማለት ነው። አሞራ ገደል ላይ ጭንቅላቱና አጥንቱ ወደ ሾርባ ድስት ይገባል፤ ሾርባው ከጥብሱ የረከሰ በመሆኑም ጥብስ ለመብላት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ከዚያው ዓሣ ድርሻውን ያገኛል። አስጋሪው ዓሣውን ይሸጣል፣ ወጣቱ የእጁን ዋጋ ይቀበላል፣ ጠባሿ ሥጋውን፣ ሾርባ ሻጯ አጥንቱን ገንዘብ ታደርገዋለች። ይህን አሠራር ማንም ስትራቴጂ ብሎ በወረቀት አላሰፈረውም፤ ሆኖም በአንድ ዓሣ ላይ አራት ሰው እንጀራውን እንዲያገኝ አድርጎ ያቀናጀ ዕቅድ በብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ሰነድ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

ሆኖም ቅብብሎሹ የሚቋረጥበት ቦታ አለ። ዓሣ በብዛት በሚወጣበት ቀን የሆድ ዕቃውና ቅርፊቱ ከአባ ኮዳዎቹ አቅም በላይ ይሆንና ዳርቻው ላይ ይቀራል፤ ፀሐይ ሲበረታ ሽታውና ዝንቡ የሚበላውን ሰው ይፈትነዋል። ይህ ተረፈ ምርት ከሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ ከሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ) ጋር ተደባልቆ አየር በማይገባው ዕቃ ውስጥ ቢብላላ ለዶሮና ለአሳማ መኖ የሚሆን በፕሮቲን የዳበረ ግብዓት ይወጣዋል፤ የዓሣ ቆዳም ተለፍቶ ለትንንሽ የቆዳ ሥራዎች ሊውል ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ ማሽን አይደለም፤ የሚያስፈልገው በየቀኑ ቆሻሻውን በጊዜ የሚሰበስብ ሰው፣ ውጤቱን የሚገዛ ዶሮ አርቢና አሠራሩን የሚያሳይ ባለሙያ በአንድ ውል መታሰራቸው ነው። ባለሙያው ሩቅ አይደለም፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በዓሣና በውኃ ሥነ ሕይወት ላይ የሚያስተምርና የሚመራመር ክፍል በዚያው ከተማ አለው። ዶሮ አርቢውም በመኖ ዋጋ እየተማረረ ነው። የጎደለው አንደኛውን ከሌላው የሚያገናኝ ሰው ነው፤ እርሱም ከገበያው ውስጥ እንጂ ከውጭ ባይመጣ እመርጣለሁ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። ሙሉ ጥብሱ የቦታው ምርጥ ነገር ነው፤ ጎንና ጎኑ በቢላ የተተለተለው ቆሮሶ በፈላ ዘይት ገብቶ ጠርዙ ሲንኮሻኮሽ፣ መሐሉ ግን ነጭና እርጥብ እንደሆነ ከሎሚ፣ ከዳጣና ከዳቦ ጋር ይቀርባል። ዓሣው ከውኃ ከወጣ ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነው ሌላ ማጣፈጫ አያሻውም። ሾርባው ሞቃትና ቃሪያው የበዛ ነው፤ ለጉንፋን የሚሻል መድኃኒት የለም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔም አልከራከራቸውም። ለመቀመጥ ከመወሰን በፊት ግን መጥበሻውን ማየት ተገቢ ነው፤ ዘይታቸው ንጹሕ የሆነ ጠባሾች እንዳሉ ሁሉ ደጋግመው ከመጠቀማቸው የተነሣ ዘይቱ ጠቁሮ የሚጤስባቸውም አሉና። መስተንግዶው ፈጣንና ሳቅ የተቀላቀለበት ነው፤ የእጅ መታጠቢያው ውኃ ግን ከመስተንግዶው ጋር እኩል አይራመድም።

ጥሬ ዓሣን በዳጣ መብላት የሐዋሳ ልማድ ነው፤ ብዙዎች ለዚያ ብለው ይመጣሉ። እኔ አልመክርም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ በሰው አካል ውስጥ ችግር ሊፈጥሩ የሚችሉ ጥገኛ ትሎች ይገኙበታል፤ እነርሱን የሚገድለው በሚገባ ማብሰል ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለ7 ቀን ማቆየት ሲሆን ዳጣና ሎሚ ይህን አይተኩም። ሌላ ጥንቃቄ የሚያሻው ቢልጫ የሚባለው የሐይቁ ሌላ ዓሣ፣ በተለይም ትልልቁ ነው። በሐይቁ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በትልልቅ ቢልጫዎች ሥጋ ውስጥ ከቆሮሶ በእጅጉ የሚበልጥ ሜርኩሪ አግኝተዋል፤ ምክንያቱም ቢልጫ ሲተልቅ ትንንሽ ዓሦችን ስለሚበላ በእነርሱ ውስጥ ያለው ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሚከማች ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ቆሮሶውን ቢመርጡ ይሻላል።

አሁን ከሳህኑ ወደ ውኃው ልውረድ፤ የግምገማው ክብደትም እዚህ ላይ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዋነኛ ገባሩ ጥቁር ውኃ ወንዝ ሲሆን ከሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በመሆኑም ከእርሻው የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማው ቦይ የወረደው ቆሻሻና ላስቲክ፣ አንዴ ከገባ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። አስጋሪዎቹ ከሚያወጡት ዓሣ አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ የቆሮሶ አኗኗር ደግሞ ከዳርቻው ጋር የተቆራኘ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ወለሉን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ የተፈለፈሉትም ዳርቻው ላይ በበቀለው ቄጠማና የውኃ ሣር ውስጥ ተሸሽገው ያድጋሉ። ይህ ጠባብ አረንጓዴ መቀነት ነው እንግዲህ ለከተማው የዓሣ ንግድ ሁሉ የመዋለ ሕፃናት ሥራ የሚሠራው።

ይህን መቀነት የሚነጥቁት ብዙ ጊዜ ዓሣ የሚሸጡት ራሳቸው መሆናቸው ያስገርማል። ሆቴል ሲሠራ የመጀመሪያው ሥራ «ዕይታውን መክፈት» ነው፤ ቄጠማው ይታጨዳል፣ ዳርቻው በድንጋይና በሲሚንቶ ይታሰራል፣ ሣር ይተከላል፣ ከዚያ በምግብ ዝርዝሩ ላይ «ትኩስ የሐይቅ ዓሣ» ተብሎ ይጻፋል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የዳርቻ ሆቴል ያዘዝሁት ፊሌቶ የማቀዝቀዣ ጣዕም ነበረው፤ አስተናጋጁን «ልጄ፣ ይህ የዛሬ ዓሣ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እኛ ጋ ተቆርጦ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አለኝ። በልጁ አልፈርድም። ቤቱ ግን ከሐይቁ ጥቂት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ዓሣውን ማን እንዳሰገረው፣ በምን መረብ እንዳወጣው፣ መቼ እንዳስረከበው የሚያሳይ አንድም መዝገብ የለውም ማለት ነው። ዕቅዱ ሐይቁን እንደ ሥዕል እንጂ እንደ አቅራቢ አልቆጠረውም።

የመረቡን ነገር ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልጨምር። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ጠርጎ ያወጣል፤ ይህን የሚያደርገው አስጋሪ ጉዳቱን አጥቶት አይደለም። በውኃው ላይ ብዙ መረብ ተጥሎ፣ የሚገኘው ዓሣ እየሳሳ ሲሄድ፣ ዛሬ የተወውን ትንሽ ዓሣ ነገ ሌላው እንደሚያወጣው ስለሚያውቅ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስለ ማስገር ፈቃድና ስለ መሣሪያዎች ድንጋጌ አለው፤ በውኃ ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ግን ጀልባ፣ ነዳጅና ሰው ይፈልጋል፤ ማታ የተጣለን መረብ ሁሉ እየሳቡ ዓይኑን መለካትም አይቻልም። በእኔ አስተያየት ቀላሉ የመቆጣጠሪያ ቦታ ውኃው ሳይሆን ሚዛኑ ነው። የከተማው ሆቴሎችና ትልልቅ ምግብ ቤቶች ተስማምተው «ከዚህ መጠን በታች ያለውን ቆሮሶ አንገዛም፤ ከዚህ በላይ ላለው ግን በወቅቱ ገበያ ላይ ጭማሪ እንከፍላለን» ቢሉና ልኩ በገበያው ሰሌዳ ላይ ቢሰቀል፣ ጠባቡ መረብ አትራፊነቱን ያጣል። ጭማሪው ግድ ነው፤ አስጋሪውን ለሐይቁ ሲል እንዲታገሥ እየጠየቁ የትዕግሥቱን ዋጋ ለብቻው ማስከፈል አጋርነት አይባልም። በጾም ወራት የዓሣ ፍላጎት ሲንር ይህ ውል ይፈተናል፤ በሁዳዴ የጸና ስምምነት በሌላው ጊዜ አያስቸግርም።

እንዲህ ያለው ነገር በሐዋሳ አይሠራም የሚል ሰው ካለ፣ በዚሁ ከተማ ከዚህ እጅግ የሚከብድ ሽርክና ተሞክሮ እንደነበር ላስታውሰው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲታቀድ፣ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉትን የልብስ ስሞች የያዘው የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች. ብቻውን ሳይሆን አቅራቢዎቹን አሰባስቦ ነበር የመጣው፤ ፓርኩም የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል፣ ወደ ውጭ የማይለቅ የማጣሪያ ጣቢያ ይዞ ነው የተገነባው። ጣቢያው በኋላ የተለጠፈ ጌጥ አልነበረም፤ መውጫ በሌለው ሐይቅ አጠገብ ለሚቆም የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ከመሠረቱ የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ ፒ.ቪ.ኤች. በኅዳር 2014 ዓ.ም. እዚያ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 መግቢያ ጀምሮም ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው የቀረጥ ነፃ ዕድል ወጣች፤ በዚያ ዕድል ላይ ተመሥርተው ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎችም ተናጉ።

ሁለቱን ቦታዎች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው ድክመታቸው የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘዋለሁ። ፓርኩ ውኃውን አስተማማኝ አድርጎ ገበያውን በአንድ ሩቅ በር ላይ አንጠለጠለ፤ አሞራ ገደል ደግሞ ገበያው ከደጁ ነው፣ ገዢው ሐዋሳና አዲስ አበባ ነው፣ የማንም ውሳኔ በአንድ ሌሊት አይዘጋበትም፤ ውኃውን የሚጠብቅለት ውል ግን የለውም። የጥቁር ውኃ ወንዝ የሚያመጣውን ደለል አስጋሪው በመረቡ አያግደውም። ከላይ ተፋሰሱ ላይ እርከን የሚሠራው ገበሬ፣ ከታች ዓሣ የሚሸጠው ሆቴልና መሐል ላይ ያለው አስጋሪ የአንድ ንግድ ባለድርሻዎች ናቸው፤ ሆቴሉ ለማስታወቂያ ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ለተፋሰሱ ሥራ ቢያውል ለራሱ ጓዳ ወጪ እንዳደረገ ሊቆጥረው ይገባል እንጂ እንደ በጎ አድራጎት ባያየው ይመረጣል።

ስለ ላስቲክ ነገር ረጅም ማውራት አያስፈልግም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ፌስታልን ይከለክላል፤ ዓሣ ግን እርጥብ ስለሆነ ገዢውም ሻጩም እጃቸው ወደ ፌስታል ይሄዳል። ክዳን ያለው ዕቃ ከቤት ይዞ መሄድ ይበቃል፤ ጠባሾቹም ደስ ብሏቸው ይሞሉልዎታል።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው፣ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ቢደርስ ጥሩውን ያገኛል፤ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን የሚመለሰውን ይምረጥ። ዋጋው እንደ ዕለቱ ምርት ስለሚለዋወጥ ከመታረዱና ከመገፈፉ በፊት የዓሣውንና የማዘጋጃውን ዋጋ ለይቶ መስማማት ከኋላ ክርክር ያድናል። ከእጅ መዳፍ የማይበልጠውን ቆሮሶ አለመግዛት የገዢው ድርሻ ነው፤ «ትልቁን ስጡኝ» ማለት ነውር የለውም። ለጣዕምና ለትኩስነት ከአምስት አራት ተኩል፣ ለመስተንግዶ አራት፣ ለንጽሕና ሁለት ተኩል እሰጣለሁ። ለአጋርነቱ ነጥብ አልሰጥም፤ እርስ በርስ ያለው ቅብብሎሽ ሙሉ ነጥብ ሲገባው ከሐይቁ ጋር ያለው ገና አልተጀመረምና አማካዩ ሁለቱንም ያዛባል።

ዓሣውን ወደ አዲስ አበባ ለሚወስድ ሰው አንድ የቀረ ጉዳይ አለ፤ እርሱም በረዶ ነው። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሞቃት አገር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ማስፈለጉ የታወቀ የሙያ ልክ ነው። በገበያው ውስጥ ግን ይህን ያህል የተፈጨ በረዶ የሚሸጥልኝ አላገኘሁም፤ ከጭማቂ ቤት ለምኜ ነው የሄድሁት። አስጋሪዎቹ ከአንድ በረዶ አምራች ጋር ቢዋዋሉ ከሰዓት በኋላ ሳይሸጥ የሚቀረው ዓሣም በረከሰ ዋጋ ከመሄድ ይተርፋል፤ ያልተበላሸ እያንዳንዱ ዓሣ ደግሞ በማግስቱ ከሐይቁ መውጣት የሌለበት አንድ ዓሣ ነው። በሚቀጥለው ጉዞዬ የራሴን ሳጥንና በረዶ ይዤ እሄዳለሁ፤ እርስዎም ቢሆኑ እስከዚያው እንዲሁ ያድርጉ።